ከጣርማ በር በታች መኪናው ሲለወጥ መካኒኩ ምን ይሁን?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

 

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ያሳወቀ ሰሞን በየዶርሙ የሚወራው ስለ ዋጋ ነበር። ማን ይገዛዋል? የት ቻርጅ ይደረጋል? መብራት ሲጠፋስ? ከይፋት ቆላ የመጣን የምህንድስና ተማሪዎችን ግን ያስጨነቀን ሌላ ነገር ነው። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ዛሬ ነዳጁን መኪና የሚጠግኑት አጎቶቻችንና ወንድሞቻችንስ ነገ ምን ይሠራሉ? በዚህ ጉዳይ ደጋግመን ተከራክረናል። የደረስንበትን አስቀድመን እንናገር፦ ሙያው አይጠፋም፤ ከባለሙያው እጅ ግን ሊወጣ ይችላል። እንዳይወጣ ማድረግ ከሚችሉት ሰዎች መካከል ደግሞ እኛ ራሳችን አለንበት።

አካባቢውን ለማያውቅ ወንድም መንገዱን በአጭሩ እንንገረው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ዋሻውን እንደወጡ ምድሩ ከእግር ሥር ይሸሻል። መንገዱ ደብረ ሲናን ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1300 ሜትር አካባቢ ነው። ዋሻውን በጋቢ ተጠቅልሎ ያለፈ ተሳፋሪ ሮቢት ላይ በሸሚዝ ነው የሚወርደው። ይህ ቁልቁለት ሾፌሩን ያስለቅሳል፣ መካኒኩን ያበላል። ወራጁ አይሱዙ ሸራው ይቃጠላል፤ ወጪው ሲኖ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ፍሪሲዮኑ ይነዳል። እኛ ያደግነው በዚያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ውስጥ ነው። የትምህርት ቤት ደብተራችን የተገዛውም ከዚያው ገንዘብ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ፣ ለምሳሌ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፣ የብዙ ቤት እሳት አብሮ ይጠፋል።

አሁን የኤሌክትሪኩን መኪና እዚሁ ቁልቁለት ላይ እናስቀምጠው። ጀነራል ፊዚክስ ለወሰደ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። ከነተሳፋሪው 1800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። በነዳጅ መኪና ይህ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ያ ደብረ ሲና ላይ የሚሸተን ሽታ እርሱ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ለነፋስና ለጎማ የሚሄደው ተቀንሶ እንኳ መኪናው ዋሻው አፍ ላይ ከነበረው ያላነሰ ቻርጅ ይዞ ሮቢት ሊገባ ይችላል። ሸራው እምብዛም አይነካም። (ባትሪው ገና ከላይ ሙሉ ከሆነ ግን የሚቀበለው ቦታ ስለሌለው መኪናው ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። በዚህ መንገድ የሚነዳ ሁሉ ይህንን ማወቅ አለበት። ከሾፌሮቻችን ስንቱ እንደተነገረው እንጃ።)

ሸራው ብቻ አይደለም። ዘይት መቀየር የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ኖዝል የለም፣ ቴስታ አውርዶ መመለስ የለም። አንድ ረዳት ጋራዥ ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሚማረው አብዛኛው ነገር ማለት ነው። ጎማ፣ መሪ፣ ሞላና ቦዲ ይቀራሉ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማው እንዲያውም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ ጎሚስታው አልሐምዱሊላህ ይበል። የሌላው እንጀራ ግን ቀስ በቀስ ከሥሩ እየተሸረሸረ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ መንገድ ላይ ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም። ጣርማ በር ላይ ያለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለ ነው። በዚያ መንገድ የመጣው መኪና ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋም አብሮ መጥቷል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቡሎን፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስተማራቸው የለም። ረዳቱ “ካቻቢቴ አምጣ” ሲባል ፒንሳ አምጥቶ እየተቆጣ ተማራቸው። ጣሊያን ሄደ፣ ካቻቢቴው ቀረ። ከዚያም አልፎ የእኛ ሰዎች በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በመዶሻ ላሜራ እየቀጠቀጡ የሕዝብ ማመላለሻ ቦዲ ሠሩበት። “ቅጥቅጥ” የምንለው አውቶቡስ ስሙን ይዞ የቀረው ከዚያ ነው። ስለዚህ “የእኛ ሰው ለቴክኖሎጂ እንግዳ ነው” የሚለውን ወሬ እኛ አንቀበለውም። በባዕድ ቋንቋ የመጣ ማሽን ፊደል ባልቆጠሩ እጆች ሲገራ ኖሯል።

የአሁኑ ግን በአንድ ነገር ይለያል። የዱሮው ማሽን ሲከፈት ይታይ ነበር። ፒስተኑን በእጅህ ትይዘዋለህ፣ ጥርሱ የተበላውን ማርሽ በዓይንህ ታየዋለህ። ሮቢት ያሉ አንጋፋ መካኒኮች ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ደግነው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡና የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ይነግሩሃል። እኛ በስድስት ወር የላብ ኮርስ ያላገኘነው እውቀት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን የሚናገረው ለጆሮ አይደለም። በሽታውን የሚነግረው ስካነር ለሰካ ሰው ነው፤ ስካነሩም ሶፍትዌር ይፈልጋል፣ ሶፍትዌሩ ፈቃድ ይፈልጋል። ወደ አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪኑ ሳይቀር በቻይንኛ የሚመጣ አለ። እውቀቱ ከብረቱ ወጥቶ የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ነገር ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በፊት ነው የጀመረው። “ከባዱ መኪና ገና ናፍጣ ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ?” ለሚሉን ወንድሞች መልሳችን ይህ ነው። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ናፍጣውን የሚረጩት በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ኮመን ሬይል የሚባለው። ድሮ ፖምፓ ፈትቶ ያስተካክል የነበረ መካኒክ ዛሬ ያንኑ መኪና “ኮምፒውተር ይታይ” ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሸኘዋል። መኪናው ሲሄድ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። በሮቢና በአካባቢው ወንዞች ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች የሚጠቀሙበት የውሃ ሞተርም ያው ነው። ናፍጣ ሲወደድና ሲጠፋ የፀሐይ ፓምፕ የገዛ ይመሰገናል። ፀሐይ ከሆነ ሮቢት ላይ ሞልቷል። ነገር ግን የናፍጣውን ሞተር የሰፈሩ ልጅ በአንድ ቀን ይፈታው ነበር። የፀሐዩ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሣጥን ሲቃጠል ውስጡ በሙጫ የተሞላ ሰርኪዩት ነው፤ ማሳው እየደረቀ መለዋወጫ ይጠበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራን ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። የእኛ አገር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልማድ እናውቃለን። ሽቦው ኃይል እንዳለው ለማወቅ ጫፉን ከቦዲው ጋር ያጋጨዋል፣ ብልጭታውን ያያል። 12 ቮልት ነውና ምንም አይሆንም። የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። እዚያ ላይ ያው ልማድ ከተደገመ ሁለተኛ ዕድል የለም። መኪናው ከጠፋ በኋላ እንኳ በኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ለደቂቃዎች ኃይል ይዞ ይቆያል። ይህንን በዚህ ካምፓስ ያለ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማወቅ የሚያስፈልገው ግን እጁን መኪናው ውስጥ የሚከተው ሰው ነው። የሚያውቀው አይነካም፣ የሚነካው አልተነገረውም።

“ታዲያ የመካኒክ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲ ጀመዓን ምን አገባው?” የሚል ይኖራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት እናስታውስ። ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። በሪሜዲያል የገባውን ብንጨምር እንኳ አብሮን ክፍል ከተቀመጠው ልጅ ብዙው እዚህ የለም። ከእኛ ጋር ቁርኣን የቀራው፣ ሒሳብ ያስኮረጅነው ወይም ያስኮረጀን ጓደኛችን ዛሬ ባጃጅ ይጠግናል፣ በር ይበይዳል፣ ፓምፕ ይፈታል። የሪዝቁ በር እዚያ ነው። ስለ ጥቂቶቹ ተመራቂዎች ሥራ ማጣት በየስብሰባችን ስናወራ ስለ ብዙዎቹ ዝም ካልን ጀመዓነታችን ምኑ ላይ ነው?

በዲናችን የእጅ ሙያ ቦታው የታወቀ ነው። በሱረቱ ሰበእ ለነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት እንደተገራላቸውና የጥሩሩን ቀለበት መጥነው እንዲሠሩ እንደታዘዙ ቀርተናል። መመጠን! መጠኑ ከሳተ ቀለበት ቀለበት ውስጥ አይገባም፤ የማሽን ዲዛይን ኮርስ የወሰደ ይህቺን ቃል ደጋግሞ ያስባታል። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጺ ነበሩ። ኢማም ጋዛሊም በኢሕያእ ግብርናን፣ ሽመናንና ስፌትን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ ሰዉ በሙሉ ወደ ፊቅህ ሲጋፋ ከተማው ሐኪም አጣ ብለውም ወቅሰዋል። ዛሬ ቢኖሩ የእኛን የዲግሪ ሰልፍ ምን ይሉት እንደነበር መገመት አያቅትም።

በአገራችን ታሪክ ደግሞ የእጅ ባለሙያው ተሰድቧል። ስድቡ ከመብዛቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ የርስት መሬት በተከለከለበት ዘመን ቤቱን ያቆመው በሽመናና በንግድ ነው። የይፋት አርጎባም በሸማው የታወቀ ነው። የሸማኔው ታሪክ ለመካኒኩ ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን። የፋብሪካ ክር ሲመጣ ሸማኔው አልጠፋም፤ ድሩን ከፋብሪካ ገዛ፣ ማጉን ከእናቶች ፈትል አደረገና ቀጠለ። ያሳመመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጥለቱ በፎቶ ተነሥቶ ሄዶ፣ ቻይና ውስጥ በማሽን ታትሞ፣ በርካሽ ተመልሶ መርካቶ ገባ። ክሩ ሲለወጥ ሸማኔው እጁ ላይ የቀረ ነገር ነበረው፤ ጥለቱ ሲወሰድ ግን የቀረው ትንሽ ነው።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቻችን “አምስት ዓመት የተማርኩት ካቻቢቴ ልይዝ ነው እንዴ?” ይሉናል። አዎን፣ ትንሽ ጊዜ ያዝ! እኛ በኢንተርንሺፕ ሄደን ያየነው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን ወንበር ላይ ተቀምጠን ሪፖርት ጽፈን ተመልሰናል። መድረሳ ያደገ ልጅ ግን ሌላ ዓይነት መማር ያውቃል። ደረሳ ሸኹ ፊት ተቀምጦ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ጫማ አቅንቶ፣ አንዱን ኪታብ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሳይሻገር ነው የሚቀራው። የጋራዥ ረዳትም ያው ነው። ብረት በቤንዚን አጥቦ፣ ቁልፍ አቀብሎ፣ ተቆጥተውት፣ ከዚያ ነው ሞተር የሚሰጡት። በክረምቱ ረፍት ሁለት ወር እንዲህ የተቀመጠ የኤሌክትሪካል ወይም የሜካኒካል ተማሪ የሚያገኘውን ምንም ኮርስ አይሰጠውም። መካኒኩም ከእርሱ የሚያገኘው አለ። እዚህ ላይ ትሕትና ያስፈልጋል። አስተማሪ ሆኖ የሚወርድ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ይባረራል፤ ይገባዋልም።

“ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ” የሚሉም አልጠፉም። አለ። ግን በማን ቋንቋ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያላሰብነው ሀብት አለን። ዮርዳኖስ ከቻይና የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ከሚነዱባቸው የዐረብ አገሮች አንዷ ናት። የእዚያ አገር መካኒኮች እኛ አገር የገቡትን ዓይነት መኪኖች ከፍተው በዐረብኛ ያስረዳሉ። በመድረሳ ነሕውና ሶርፍ የቀራ ልጅ የጋራዥ ዐረብኛ መጀመሪያ ግር ይለዋል፣ እውነት ነው፤ “በጧሪያ” ባትሪ መሆኑን ያወቀ ቀን ግን ግማሹ ተከፈተለት። ከጂዳና ከሪያድ የተመለሱ ወንድሞቻችንም ይህን ዐረብኛ ከእኛ በላይ ይሰሙታል። ቀደምት ዑለሞቻችን የዐረብኛውን ኪታብ በአማርኛ እየፈቱ፣ አማርኛውንም በዐረብኛ ፊደል በአጀም እየጻፉ ነው እውቀቱን ለገበሬው ያደረሱት። እኛ ደግሞ የባትሪ መመሪያ ለመካኒኩ ብናደርስ ከዚያ መንገድ የወጣን አይመስለንም።

የገንዘቡም ነገር አለ። ደህና ስካነር፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጓንትና መሣሪያ ለአንድ የሮቢት ጋራዥ ቀላል ወጪ አይደለም። ብድር አለ ሲባል ወለድ አለበት፤ ወለድን የሚሸሽ ባለሙያ ደግሞ ባለበት ይቀራል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ወለድ አልባ አገልግሎት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ በክፍያ የመሸጥ ሥርዓት፣ ሙራበሓ፣ ለንግድ ዕቃ ይሠራል፤ ለስካነር የማይሠራበት ምክንያት የለም። ግን ለባንክ የሚቀርብ ወረቀት ይፈልጋል፣ ሦስት አራት ጋራዥ በአንድ ላይ መቆምን ይፈልጋል። የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ተማሪዎቻችን፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። ለረመዷን ኢፍጣር በሚያስደንቅ ፍጥነት የምታስተባብሩ እህቶችም ይህን ማስተባበር አያቅታችሁም።

ኃይሉ መጥቷል፤ 5150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መኪናውም እየመጣ ነው። እኛ የጀመርነው ትንሽ ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። ከሰንበቴና ከከሚሴ የመጡ ወንድሞች ኦሮምኛውን ይዘውታል። ይዘቱ እንዲህ ነው። ብርቱካናማ ሽቦ ካየህ 12 ቮልት አይደለም። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ቁልፉን ከመኪናው አርቅ፣ ትንሹን ባትሪ ንቀል፣ ከዚያ የዋናውን ባትሪ መነጠያ በጓንት ንቀል። የመኪናው መመሪያ የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቅ። ለክተህ ዜሮ መሆኑን ሳታይ አትንካ። ሽቦ አጋጭተህ በፍጹም አትፈትሽ።

ረቂቁን ማየት የሚፈልግ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ያናግረን። በተለይ የቻይንኛ ኮርስ የወሰደ ካለ እንፈልገዋለን። እስካሁን ያላስማማን ቃላቱ ነው። “መነጠያ” ያልነውን አንዳንዶች አልወደዱትም፤ ለኢንቨርተር ያገኘነው አማርኛ ደግሞ እኛንም ስላሳቀን ቃሉን እንዳለ ትተነዋል። በክረምት ሮቢት ስንወርድ ረዳቶቹ ምን እያሉ እንደሚጠሩት ሰምተን እርሱን እንጽፋለን፣ ኢንሻአላህ።